ዲዮቅልጥያኖስ፦ ሁሉን በዐዋጅ ሊያቃና የተነሣው ንጉሠ ነገሥት

ዲዮቅልጥያኖስ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ስንክሳር ሲነበብና ገድለ ሰማዕታት ሲተረክ፣ ምዕመናንን በእሳትና በሰይፍ ያስፈጀ ከሃዲ ንጉሥ ሆኖ በተደጋጋሚ ይነሣል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ሰማዕታት እያሉ የሚቆጥሩት ዘመንም መነሻው እሱ የነገሠበት ዓመት ነው። ከያዝነው ዓመተ ምሕረት ላይ 276 የቀነሰ ሰው በዓመተ ሰማዕታት ስንተኛው ዓመት ላይ እንደምንገኝ በቀላሉ ያውቃል።

በሮማ ታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ ግን ይኸው ሰው ሌላ መልክ አለው። ሊፈርስ የተቃረበ ግዛት ያቆመ፣ አስተዳደሩንና ግብሩን እንደ አዲስ ያዋቀረ፣ በመጨረሻም ዙፋኑን በፈቃዱ ለቆ ቤቱ የገባ የመጀመሪያው የሮማ ንጉሠ ነገሥት ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ከሁለቱ መልኮች አንዱን መርጦ ሌላውን ይተወዋል። እኔ ግን ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት አይቻልም ባይ ነኝ። ግዛቱን ያዳነውም ሆነ ሰማዕታቱን የፈጀው መሣሪያ አንድ ነበርና፤ ዐዋጅ። ዐዋጅ እስከ የት እንደሚሠራና የት ላይ አቅም እንደሚያጣ የዚህን ሰው ሕይወት ያህል አጉልቶ የሚያሳይ ታሪክ ብዙም አላጋጠመኝም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውዬው የተወለደው በ240ዎቹ፣ በዛሬዋ ክሮኤሽያ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ዳልማትያ፣ ሳሎና በተባለች ከተማ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ስሙ ዲዮክለስ ነበር። ወላጆቹ ከዝቅተኛው የኅብረተሰብ ክፍል እንደነበሩ ሁሉም ይስማማሉ። አባቱን አንዳንዶች ጸሐፊ ነበር ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ የአንድ የሮማ ሹም ነፃ የወጣ ባሪያ ነበር ይላሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ላለ ልጅ ከፍ ማያው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ውትድርና። ዲዮክለስም በዚያው መንገድ ተጉዞ የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ አዛዥ ለመሆን በቃ።

ያደገበት ዘመን ለሮማ ክፉ ዘመን ነበር። ከ235 እስከ 284 ባሉት 50 ያህል ዓመታት ውስጥ ከ20 በላይ ነገሥታት ተፈራርቀዋል። አብዛኞቹ የሞቱት በገዛ ወታደሮቻቸው እጅ ነው። በ260 ንጉሠ ነገሥት ቫሌርያን በፋርሱ ንጉሥ በሻፑር ተማርኮ በዚያው ቀረ። የተበታተነውን ግዛት መልሶ ያገጣጠመው ኦሬልያን በ275 በራሱ ሰዎች ተገደለ። በየድንበሩ ያለ የጦር አዛዥ ሁሉ ወታደሮቹ ከደገፉት ነገ ንጉሥ ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሬሳ ነው። ሥልጣን ያዥው ሁሉ ወታደሩን ለማስደሰት ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘብ ሲያጣ በብር ሳንቲሙ ውስጥ መዳብ ይቀላቅላል። በ270 አካባቢ ብር ይባል የነበረው ሳንቲም በውስጡ የቀረው እውነተኛ ብር ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም ነበር።

ዲዮክለስ ዙፋን ላይ የወጣበት መንገድም የዘመኑ ዓይነት ነው። በ283 ንጉሠ ነገሥት ካሩስ በፋርስ ዘመቻ ላይ ሞተ። መብረቅ መታው ተባለ። ጦሩ ከልጁ ከኑሜርያን ጋር ወደ ምዕራብ ሲመለስ፣ ወጣቱ ንጉሥ ዓይኑን ታሟል ተብሎ በተሸፈነ ቃሬዛ ይጓዝ ነበር። ወታደሮቹ አንድ ቀን የሚሸት ነገር ሲሰማቸው መጋረጃውን ገልጠው ሬሳውን አገኙት። ኅዳር 20 ቀን 284 በኒቆምድያ አቅራቢያ ጦሩ ተሰብስቦ ዲዮክለስን አነገሠ። እሱም ከመድረኩ ሳይወርድ የሟቹን አማት የጦር አዛዡን አፔርን ገዳዩ ይህ ነው ብሎ በጦሩ ፊት በገዛ ሰይፉ ወጋው። አፔር በላቲን ከርከሮ ማለት ነው። ኋላ እንደተተረከው፣ ዲዮክለስ ገና ተራ ወታደር ሳለ አንዲት ጠንቋይ ከርከሮ በገደልህ ቀን ትነግሣለህ ብላው ነበር ይባላል። ተረቱ ይቆየንና፣ ተከሳሹ የመከላከያ ቃሉን ሳይሰጥ መሞቱ ለማን እንደሚጠቅም አንባቢ ራሱ ይገምት። በማግሥቱ የቀረው የካሩስ ልጅ ካሪኑስ ነበር። እሱም በ285 ውጊያ ላይ በራሱ ሰዎች ተገደለ፤ ግዛቱም ለዲዮቅልጥያኖስ ጸና።

እንግዲህ ከእሱ በፊት የነበሩት ሁሉ እዚህ ድረስ መጥተዋል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዲዮቅልጥያኖስ ከብሪታንያ እስከ ሶርያ የተዘረጋ ግዛት በአንድ ሰው ሊጠበቅ እንደማይችል ገባው። ንጉሡ ራይን ወንዝ ላይ ሲዋጋ ፋርስ በምሥራቅ ይነሣል፤ ወደ ምሥራቅ ሲዞር ደግሞ በምዕራብ ሌላ ንጉሥ ይበቅላል። ስለዚህ ሥልጣኑን አካፈለ። የድሮ የጦር ጓዱን ማክሲምያንን በ285 ምክትሉ፣ በ286 ደግሞ አውግስጦስ በሚለው ማዕረግ አቻው አደረገው። መጋቢት 1 ቀን 293 ሁለት ተጨማሪ ሰዎች፣ ገሌርዮስና ኮንስታንትዮስ፣ ቄሳር ተብለው የሁለቱ ምክትልና ወራሽ ሆኑ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው አባባላችን ይህን አሠራር በደንብ ይገልጸዋል። እሱ ግን ሁለት ሳይሆን አራት ተከለ።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ኮንስታንትዮስ ለአሥር ዓመት ያህል ተገንጥላ የቆየችውን ብሪታንያን በ296 መለሰ። ግብፅ ስታምፅ ዲዮቅልጥያኖስ ራሱ ሄዶ እስክንድርያን ለስምንት ወር ያህል ከቦ በ298 ያዘ። ከዚያም ዓባይን ይዞ ወደ ደቡብ ወጣና ከፊላይ ደሴት በላይ ያለውን የኑቢያ መሬት ለመጠበቅ የሚያወጣው ወጪ ከሚያስገኘው ጥቅም እንደሚበልጥ አስልቶ ድንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። በዚያ ለነበሩት ሕዝቦች በየዓመቱ ወርቅ እየከፈለ ሰላም ገዛ። ገሌርዮስም በ297 በፋርስ ጦር ከተመታ በኋላ በ298 ተመልሶ ድል አደረገ፤ በ299ም ሮማን የሚጠቅም ስምምነት ተፈረመ።

ከጦርነቱ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ግን የቢሮ ሥራው ነው። 50 ያህል የነበሩትን ክፍላተ ሀገር ሸንሽኖ ወደ 100 አደረሳቸው፤ እነሱን በ12 ጠቅላይ ግዛቶች ሥር አደራጀ። ከዚያ በፊት አንድ አገረ ገዥ ዳኛም፣ ግብር ሰብሳቢም፣ የጦር አዛዥም ነበር። ዲዮቅልጥያኖስ እነዚህን ለየ። ጦር የሚያዘው ሰው ስንቁን ከሌላ ሰው ይቀበላል፤ ገንዘብ የሚሰበስበው ደግሞ ወታደር የለውም። ማመፅ የፈለገ አዛዥ ሁለቱንም በአንድ እጅ ማግኘት አይችልም። ሰው ሁሉ ታማኝ እንዲሆን ከመስበክ ይልቅ ከዳተኛው ብቻውን ምንም ማድረግ እንዳይችል አድርጎ መዋቅር መሥራት ማለት ይህ ነው።

ግብሩንም እንዲሁ ከሥሩ ቀየረ። ቀደም ሲል ጦሩ ሲቸግረው ያገኘውን ይወስድ ነበር። አዲሱ ሥርዓት መሬቱን በዓይነቱና በምርቱ፣ ሰውንና ከብቱን በቁጥር መዝግቦ፣ መንግሥት ለዓመቱ የሚፈልገውን አስልቶ ለየግብር ከፋዩ የሚያደላድል ነበር። በ297 የግብፁ አገረ ገዥ አርስጥዮስ ኦፕታቱስ ይህንኑ ለሕዝቡ ያሳወቀበት ጽሑፍ በፓፒረስ ላይ ተገኝቷል። እያንዳንዱ ገበሬ በመሬቱ ዓይነት ምን ያህል እንደሚከፍል አስቀድሞ እንዲያውቅ መደረጉ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ለዘመናት ከመሬት ግብር ነፃ የነበረችው ጣሊያንም እንደ ሌላው እንድትከፍል ተደረገ። በርግጥ ሸክሙ ቀላል አልነበረም። በኒቆምድያ ያስተምር የነበረው ክርስቲያኑ ጸሐፊ ላክታንትዮስ ከግብር ከፋዩ ይልቅ ተቀባዩ በዛ ሲል አማርሯል። ላክታንትዮስ ንጉሡን የሚጠላበት ምክንያት ነበረው። ያም ሆኖ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነበር ለማለት አይቻልም፤ አራት ቤተ መንግሥት፣ አራት የጦር አመራርና እጥፍ የሆነ አስተዳደር ከሰማይ አይቀለብም።

እስከዚህ ድረስ የዲዮቅልጥያኖስ ዐዋጆች ሠርተዋል። መሬት ይለካል፣ ወታደር ይቆጠራል፣ ሹመት ይከፈላል። ሰውዬው የተሰናከለው በዐዋጅ ሊለካ የማይችለውን ነገር ለመለካት ሲነሣ ነው። የመጀመሪያው መሰናክል ገበያ ሆነ።

በ294 አካባቢ ንጉሡ ገንዘቡን ለማደስ ሞክሮ ነበር። ከአንድ ፓውንድ ወርቅ 60 ሳንቲም፣ ከአንድ ፓውንድ ብር ደግሞ 96 ሳንቲም እንዲወጣ አዘዘ። (በዚሁ በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ የራሱን የወርቅ ሳንቲም ማስቀረጽ መጀመሩን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይቻላል።) ችግሩ የሮማ ወርቅና ብር ለጥቂቶች የሚበቃ እንጂ ሠፊው ሕዝብ የሚገበያይበት አልነበረም። ሕዝቡ የሚይዘው ብር የተቀባ የመዳብ ሳንቲም ነው። መንግሥት ደግሞ ይህን ሳንቲም ለወታደር ደመወዝ እያለ በገፍ ያወጣል። በመስከረም 301 የአንዳንዱ ሳንቲም ዋጋ በዐዋጅ እጥፍ ሆነ። ነጋዴው ይህን ሲሰማ ያደረገውን ለመገመት የኢኮኖሚ ትምህርት አያሻም።

ዲዮቅልጥያኖስ ግን ጥፋቱን ያየው በነጋዴው ስግብግብነት ላይ ነው። በዚያው ዓመት ማገባደጃ ላይ ከ1,200 በላይ ለሆኑ ሸቀጦችና አገልግሎቶች የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ከጣሪያው አሳልፎ የሸጠ፣ የገዛ፣ ሸቀጥ የደበቀ ሁሉ ቅጣቱ ሞት ነው። ዐዋጁ በየከተማው በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ስለቆመ ስብርባሪው እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ስለ ተራው ሮማዊ ኑሮም ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ የሚነግረን ይኸው ዝርዝር ነው። የቀን ሠራተኛ ከምግቡ ጋር በቀን 25 ዲናር፣ አናጢ 50 ዲናር ይከፈለዋል። ፊደል የሚያስቆጥር መምህር በአንድ ልጅ በወር 50፣ የሰዋስው መምህር 200፣ የንግግር ጥበብ መምህር 250 ያገኛል። ጠጉር አስተካካይ ከአንድ ሰው 2 ዲናር ይቀበላል። ጠበቃ ግን ለአንድ ክርክር 1,000 ዲናር ይፈቀድለታል። አንድ ፓውንድ የአሳማ ሥጋ 12 ዲናር ነው። ሲሰላ የቀን ሠራተኛው ሙሉ ደመወዝ ሁለት ፓውንድ ሥጋ፣ ማለትም ከ650 ግራም ያልበለጠ ይገዛል። በዝርዝሩ ውስጥ ውድ ከሆኑት መካከል አንበሳ አለ፤ ለትርኢት የሚፈለግ አንበሳ 150,000 ዲናር ነው።

የሆነው ነገር ለዘመናችን አንባቢ አዲስ አይደለም። ላክታንትዮስ እንደሚለው በጥቃቅን ነገር ሰበብ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ ሸቀጥ ከገበያ ጠፋ፣ ዋጋው ከበፊቱ ብሶ ናረ፣ በመጨረሻም ሕጉ ራሱ ተረሳ። ስንዴ በሚመረትበት ግብፅና ስንዴ በመርከብ በሚደርሰው ከተማ አንድ ዓይነት ጣሪያ ማስቀመጥ ነጋዴውን መርከቡን አቁም እንደማለት ነበር። ንጉሡ ወታደሩ በአንድ ግዢ ደመወዙን ሲጨርስ ማየቱ አንገብግቦት ነበር፤ ለዚህ ላደንቀው እወዳለሁ። ነገር ግን ዋጋውን የሚያንረው የራሱ መንግሥት የሚያወጣው ሳንቲም ነበር። ሰይፉን ያነሣው በነጋዴው ላይ እንጂ በገዛ ግምጃ ቤቱ ላይ አልነበረም።

ሁለተኛው መሰናክል እምነት ነው። ዲዮቅልጥያኖስ ለ18 ዓመታት ያህል ክርስቲያኖችን በአብዛኛው አልነካም። በኒቆምድያ ከቤተ መንግሥቱ የሚታይ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ነበር። ይሁንና ግዛቱ የሚጸናው ሁሉም የጥንቶቹን አማልክት ሲያከብር ነው የሚለው ሐሳብ በገሌርዮስ ግፊት እየበረታ ሄደ። የካቲት 23 ቀን 303 ያ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰ፤ በማግሥቱም ዐዋጅ ወጣ። አብያተ ክርስቲያናት ይፍረሱ፣ መጻሕፍት ይቃጠሉ፣ ክርስቲያን ከሹመት ይውረድ ተባለ። ከዚያ ካህናቱ ታሠሩ፤ በ304 ደግሞ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ታዘዘ። የምዕራቡ ቄሳር ኮንስታንትዮስ ሕንፃ ከማፍረስ ያለፈ ነገር አላደረገም። በምሥራቅ፣ በተለይም በግብፅ፣ እልቂቱ ከባድ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ በላይኛው ግብፅ በአንድ ቀን ብዙ ሰዎች ሲገደሉ፣ ሰይፉ ደንዝዞ ገዳዮቹ እየተፈራረቁ ሲሠሩ በዓይኑ ማየቱን ጽፏል። ስደቱ ዲዮቅልጥያኖስ ከወረደ በኋላም ቀጥሎ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጴጥሮስ በ311 ተሰዋ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 29 ተፍጻሜተ ሰማዕት እየተባለ የሚታሰበው እሱ ነው። በዚያው በ311 ገሌርዮስ ራሱ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ስደቱን አንሥቶ ክርስቲያኖቹ እንዲጸልዩለት ጠየቀ። በ313 ደግሞ ቆስጠንጢኖስና ሊኪንዮስ በሚላን ተስማምተው ለሁሉም የእምነት ነፃነት ሰጡ። ዐዋጁ በአሥር ዓመት ውስጥ በራሱ ወራሾች እጅ ተሻረ።

በዚህ መሐል ዲዮቅልጥያኖስ ታመመ። በ303 መጨረሻ የነገሠበትን 20ኛ ዓመት ለማክበር ሮማ ገብቶ በክረምት ሲመለስ ሕመሙ ጠናበት። በመጋቢት 305 ሕዝብ ፊት ሲቀርብ ማንነቱን መለየት እስኪያስቸግር ከስቶ ነበር። ግንቦት 1 ቀን 305፣ ከ20 ዓመት በፊት በነገሠበት በዚያው ኮረብታ ላይ ጦሩን ሰብስቦ ደክሞኛል ብሎ ካባውን አወለቀ። በዚያው ቀን ማክሲምያን በሚላን እንዲሁ አደረገ። ላክታንትዮስ ገሌርዮስ ገፍቶ አስለቀቀው ይላል። ይሁን እንጂ የማረፊያ ቤተ መንግሥቱ በትውልድ አገሩ አስቀድሞ ሲሠራ መቆየቱና ሁለቱ በአንድ ቀን መውረዳቸው ነገሩ የታሰበበት እንደነበር ያሳያል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ለሚል ኅብረተሰብ የዚህ ሰው ሥራ እንግዳ ነው።

ነገር ግን ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ዲዮቅልጥያኖስ አንዲት ሴት ልጅ እንጂ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ስለዚህ ወራሽ በችሎታ ይመረጥ ማለት ለእሱ ቀላል ነበር። ባልደረቦቹ ግን ወንድ ልጆች ነበሯቸው። በዕለቱ ጦሩ የኮንስታንትዮስ ልጅ ቆስጠንጢኖስ ይሾማል ብሎ ሲጠብቅ ሌላ ሰው ተሾመ። በ306 ኮንስታንትዮስ ብሪታንያ ውስጥ ሲሞት ወታደሮቹ ልጁን አነገሡት። የማክሲምያን ልጅ ማክሰንትዮስም ሮማን ያዘ። ማክሲምያን ራሱ ቆጭቶት ወደ ሥልጣን ተመለሰ። በ308 ንጉሥ ነኝ የሚሉት ስድስት ደርሰው ነበር። በዚያ ዓመት ዲዮቅልጥያኖስን እንዲመለስ ሲለምኑት፣ በእጄ የተከልሁትን ጎመን ብታዩ ይህን ባልጠየቃችሁኝ ነበር በሚል መንፈስ እንደመለሰላቸው ይተረካል። ጎመኑ ብዙዎችን ያስደስታል። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የማየው ሕጉን የሚያስከብር አንድም ተቋም ሳይተው የወጣ ሰው ነው። አራቱ ነገሥታት ይታዘዙ የነበረው ለአሠራሩ ሳይሆን ለዲዮቅልጥያኖስ ነበር።

የከፈለውም ዋጋ ቀላል አይደለም። ልጁ ቫሌርያ የገሌርዮስ ሚስት ነበረች። ባሏ በ311 ሲሞት የምሥራቁ ገዥ ማክሲምኖስ ላግባሽ ብሏት እምቢ ስላለች ንብረቷን ነጥቆ ከእናቷ ከጵሪስካ ጋር አጋዛት። አባትየው ልጄን መልሱልኝ ብሎ ደጋግሞ ቢልክ የሚሰማው ጠፋ። በአንድ ወቅት ሰው ሁሉ ፊቱ ይሰግድለት የነበረ ሰው አንዲት ልጁን ማስፈታት አቃተው። እሱ በ310ዎቹ መጀመሪያ ሞተ፤ እናትና ልጅ ደግሞ በኋላ በሊኪንዮስ ትእዛዝ በተሰሎንቄ አንገታቸው ተቆረጠ።

ከሥራው ምን ተረፈ ቢባል፣ ክፍላተ ሀገሩ፣ የጦሩና የአስተዳደሩ መለያየት፣ የግብር ምዝገባው ተርፈዋል። ቆስጠንጢኖስ የዲዮቅልጥያኖስን ስደትና የአራትዮሽ አገዛዝ ጥሎ ቢሮዎቹን ግን እንዳሉ ተጠቀመባቸው። የምሥራቁ የሮማ መንግሥትም ለረጅም ዘመን በዚያው መሠረት ላይ ቆመ። ቆጠራና ምዝገባ የሚጠይቀው ሁሉ ጸና፤ የሰውን ልብና የገበያን ጠባይ በፍርሃት ሊለውጥ የተነሣው ሁሉ ግን እሱ በሕይወት እያለ ፈረሰ።

የዘመን አቆጣጠሩም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የእስክንድርያ ሊቃውንት በመጀመሪያ ዓመቱን የሚቆጥሩት ዘመነ ዲዮቅልጥያኖስ እያሉ ነበር። በ525 ሮማ የነበረው መነኩሴ ዲዮናስዮስ የፋሲካን ቀን ሲያሰላ የአሳዳጁን ስም አላነሣም ብሎ ከክርስቶስ ልደት መቁጠር ጀመረ፤ ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት አቆጣጠር መነሻው ይህ ነው። የግብፅ ክርስቲያኖች ደግሞ ቁጥሩን ትተውት ስሙን ብቻ ለወጡት፤ ዘመኑን ለተገደሉት ሰጡት።

ያረፈበት ቤተ መንግሥት ዛሬ በክሮኤሽያ ስፕሊት ከተማ መሐል ቆሟል። በ7ኛው መቶ ዘመን የሳሎና ሰዎች ከወራሪ ሸሽተው ገቡበትና በዚያው ከተማ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ንጉሡ ለራሱ ያሠራው መቃብር ካቴድራል ሆኗል፤ አስከሬኑ ያረፈበት ሣጥን ግን የለም። በቦታው የሚከበረው በእሱ ዐዋጅ በ304 የተገደለው የሳሎና ጳጳስ ቅዱስ ዶምንዮስ ነው።